ከዘጠኝ ሰዓት ዜና በፊት

እህታችን ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በራዲዮ ዜና ታነባለች። ስምንት ተኩል ሆኗል። እኔ አባታችን ትቶልን ያለፈው አሮጌ ፒክአፕ ውስጥ፣ ዳሽቦርዱ ስር ተንጋልዬ ድምፁ ከጠፋ ራዲዮ ጋር እታገላለሁ።

እናታችንን በስልክ እንድትሰማ ለምነናት ነበር። «አባታችሁ ዜና የሚሰማው እዚህ መኪና ውስጥ ነበር። እኔም ልጄን እዚሁ ነው የምሰማት» አለች። አንዴ ካለች አለች ነው። ምሳ ከበላን ጀምሮ ጋቢናው ውስጥ ተሰይማለች።

ታናሽ ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ የእጅ ባትሪ ያበራልኛል፤ ያውም ዓይኔ ላይ። ሁለታችንም ቀለም ቀቢዎች ነን። መኪናዋን የምንነዳት አብረን፣ በራዲዮዋ የምንጣላውም አብረን ነበር፤ እሱ ኳስ፣ እኔ ዘፈን። አምና አንድ እሁድ ልንደባደብ ምንም አልቀረንም። በማግስቱ ራዲዮው ጸጥ አለ። አንቴናውም በዚያው ሌሊት ተሰረቀ። «እርጅና ነው፣ ሌባ ነው» ብለን ተውነው።

እውነቱን ልናገር፤ የዚያን እሁድ ማታ ፊውዙን ነቅዬ ኪሴ የከተትኩት እኔ ነኝ። አሁን ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሽቦ የምነካካው፣ ወንድሜ ሳያየኝ ልመልሰው ብዬ ነው። ይሄ መብራት ግን ፋታ አልሰጠኝም።

ሰዓቴን አየሁና እፍረቴን ዋጥ አድርጌ ፊውዙን አወጣሁ።

«ዓመት ሙሉ አንተ ነህ?» አለኝ።

«ስድቡን ለዘጠኝ ተኩል አቆየው።»

ሰካሁት። የራዲዮው መብራት በራ፤ ድምፅ ግን የለም። ቀና ስል ወንድሜ ባትሪውን አጥፍቶ መሬት መሬት ያያል።

«ያን ዕለት የስፒከሩን ሽቦ ነቅዬው ነበር» አለ። «እኔ ብቻ መስሎኝ።»

ስፒከሩ በሩ ውስጥ ነው። በሩን ፈታትቶ ሽቦውን ሲመልስ፣ ቦታውን እንደሚያውቅ ሰው ሁለት ደቂቃም አልፈጀበት። አሁን ራዲዮው ሽሽሽ ማለት ጀመረ። በአንቴናው ምትክ የሰካናት ቁራጭ ሽቦ ምንም አልያዘችም። ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ ነው።

«ያ ሌባ እጁ ይሰበር» አልኩ።

«አትራገም» አለች እናታችን። ከመኪናው ወረደች። ወደ አበባ ማሰሮዎቿ ሄዳ፣ ከአንዱ ውስጥ አፈር የለበሰ ቀጭን ብረት መዝዛ ተመለሰች። ተደግፎት የነበረው አበባ ጎበጥ አለ።

«ምን ላድርግ? ሁለታችሁ ልትጋደሉ ነበር» አለች። «አበባዬም ድጋፍ ፈልጎ ነበር።»

አንቴናውን በቀሚሷ ጠርጌ ጣሪያው ላይ አጠበቅኩት። ሦስታችንም ተጠጋግተን ተቀመጥን። ወንድሜ ቁልፉን ቀስ አድርጎ ሲያዞር፣ እህታችን ከሽሽሽታው መሃል ወጣች። መጀመሪያ ድምፅዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ ወዲያው ቀና አለ። ስለ መንገድ ጥገናና ስለ ዝናብ አነበበች። በሕይወቴ እንደዛሬ በዝናብ ዜና ተደስቼ አላውቅም። ወንድሜ ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል፤ እኔም ከዘፈን ይልቅ ዜና የምወድ ሰው ሆንኩ።

ሲያልቅ «ዜናውን ያነበብኩላችሁ» ብላ የራሷን ስም፣ ቀጥላም የአባታችንን ስም ጠራች።

«አቤት» አለችለት እናታችን።