የዶክተር ሰብለ ድምፅ

ፖሊሶቹ ከታች ያለውን ቤት በር ሲሰብሩ አስያ ጨርቅ ነክሳ ነበር። ሕመሙ ሲያጣድፋት እንዳትጮህ ጨርቁን አፏ ውስጥ የከተተችው ዘይቱና ናት። እኔ የአስያን ክንድ በአንድ እጄ ይዤ፣ ጥርሴ እንዳይንገጫገጭ መንጋጋዬን በሌላው ደግፌያለሁ።

መስኮቱን በካርቶን ከደፈንነው ወዲህ ክፍሉ በቀትርም ጨለማ ነው። የመካው ነካሳ ዳገት ላይ የተደራረበ ሰፈር ስለሆነ፣ ከታች ደረጃውን የረገጠ ሁሉ እኛ ጭንቅላት ውስጥ የሚረግጥ ይመስላል። የሆነች ሴት "በአላህ! በአላህ!" ስትል ሰማን። ከዚያ ጫማዎቹ ወረዱ፣ መኪናው ተነሣ። የአስያ ወንድም አሚን ጆሮውን ከበሩ ሳያነሣ ብዙ ቆየ።

"ኸላስ፣ ሄደዋል" አለ በመጨረሻ።

ዘይቱና ጨርቁን አወጣችላት። "በይ እንግዲህ ዶክተር፣ አሁን እያት።"

"ዶክተር አይደለሁም። ስንቴ ልንገርሽ?"

"እሺ ዶክተር።"

ጥፋቱ የሬዲዮ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስማር "ተረኛ ሐኪም" የሚባል ተከታታይ ድራማ ላይ ዶክተር ሰብለን የምጫወተው እኔ ነበርኩ። ሳውዲ ያሉ የቤት ሠራተኞች በሜሞሪ ካርድ እየተቀባበሉ፣ ልብስ ሲተኩሱ አንዱን ጆሯቸውን ለማዳም ትተው በአንዱ እንደሚያዳምጡት ያወቅኩት ከመጣሁ በኋላ ነው። ድራማው ወደ ቴሌቪዥን ሲዛወር ዳይሬክተሩ "ድምፅሽ ወርቅ ነው፤ ፊትሽ ግን ዶክተር አይመስልም" አለኝ። ዶክተር ምን እንደሚመስል አልጠየቅኩትም። ሚናውን ለሌላ ሰጡት፤ እኔም ተመርቄ፣ ሥራ አጥቼ፣ ጂዳ የሰው ወለል ልጠርግ መጣሁ። የሚለቀስበት ነገር የለውም፤ ከክፍላችን ልጆች ብዙዎቹ እንዲሁ ነን።

ወረቀት የሌለው ከአገር እንዲወጣ የተሰጠው የምሕረት ጊዜ አልቆ አፈሳው ሲጀመር የጂዳው አሠሪዬ፣ ከፊሌ፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬን፣ ሳያድስ ከቤት አስወጣኝ። አንዲት ጓደኛዬ መካ ዘይቱና ጋ ላከችኝ። በሩ ላይ "አሰላሙ አለይኩም" ስል ዘይቱና ሰላምታዬን አልመለሰችም፤ "ወላሂ ዶክተር ሰብለ!" ብላ ጮኸች። እኔ እኮ ጽሑፍ ነው የማነበው ብላት ሳቀች። ሐኪም ትሑት ሲሆን ደስ ይላታል።

አሁን አስያ በስተቀኝ ከሆዷ በታች ያማታል። ትኩሳቱ እጄን ያቃጥለኛል፤ የበላችውን ሁሉ አስመልሳለች፤ እግሯን መዘርጋት አትችልም።

"በድራማው እንዲህ ላመማት ልጅ መጀመሪያ ክኒን አዘሽላት ነበር" አለ አሚን። ከፋርማሲ የገዛውን ዘረጋልኝ። "ያው ነው?"

"ያዘዘው ደራሲው ነው አሚን! እኔ አይደለሁም። ሐኪም ቤት ውሰዳት።"

አስያ ከፍራሹ ላይ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። "አልሄድም። የሐኪም ቤቱ በር ላይ ፖሊስ አለ። ሹመይሲ እስር ቤት ወለል ላይ ከምሞት እዚሁ ልሙት።"

"ኧረ አፍሽን ዝጊ፣ ሞት አትጥሪ" አለች ዘይቱና።

የማውቀው ከድራማው ብቻ ነው፤ ያም ያስፈራኛል። በመጨረሻው የሬዲዮ ክፍል ትርፍ አንጀት የታመመች ልጅ ኦፕራሲዮን አልፈልግም ብላ አልጋውን ሙጭጭ ትላለች። እኔ "ከፈነዳ ጊዜ የለንም" እላለሁ። ሙዚቃ ይገባል። ቴሌቪዥኑ በሌላ ታሪክ ጀመረ፤ ልጅቷን ማንም አላስታወሳትም። ጽሑፉ ውስጥ እንኳ መጨረሻዋ አልነበረም።

አስያ የጠየቀችኝ እሱኑ ነው። "ያቺ ልጅ... ምን ሆነች?"

"ዳነች" አልኩ።

"እኔን ለማባበል ነው።"

በራሴ ድምፅ ማንም አያምነኝም። አገጬን ወደ ደረቴ አወረድኩ፤ የስቱዲዮው ባለሙያ ያስተማረኝ እንደዚያ ነው። ቀስ ብዬ ተነፈስኩ።

"አስያ፣ ስሚኝ።"

ዘይቱና እጇን አፏ ላይ ጫነች። አሚን እንኳ ከበሩ ዞረ።

"ልጅቷ እሺ አለች። እንዳይፈነዳ ቶሎ ቀደዷት። ስትነቃ ሾርባ ለመነች። እናቷ ይዛት ወጣች።"

"ቴሌቪዥን ላይ ነው?"

"ቴሌቪዥን ላይ ነው።"

አስያ በክርኗ ለመነሣት ሞከረች። "እሄዳለሁ። ግን አንቺም ትመጫለሽ።"

"እስከ ኦፕራሲዮኑ በር!" አለች ዘይቱና። "በድራማው ሁሌ ትሸኛለች እኮ፣ ቀርታ አታውቅም።"

ደራሲው የአልጋው ጎማ ሲንኳኳ ድምፁ ለሬዲዮ ያምራል ብሎ ነው ዶክተር ሰብለን ሁሌ ከበሽተኛዋ ጎን የሚያስኬዳት። አንድ የብረት ጋሪና የእኔ ጫማ፣ ከማይክሮፎን ፊት፤ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። እኔ ግን ኢቃማ የለኝም። ከዚያ በር የምመለስበት መንገድ እንደሌለ ሳውቅ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። እምቢ ልላት አስቤ ነበር። እምቢ ካልኩ ግን ድምፁ ይበላሻል፤ ድምፁ ከተበላሸ አትንቀሳቀስም።

"እመጣለሁ" አልኩ፤ በሰብለ ድምፅ።

አሚን አዝሎ አወረዳት። ጎረቤታችን ናይጄሪያዊው መኪናውን አስነሣ። አሚን አብሮ ሊገባ ሲል በሩን ዘጋሁበት፤ አንድ ላይ ሁላችን ብንያዝ የሚጠይቃት ማን ነው? በመንገድ ላይ ሰማያዊ መብራት ባየሁ ቁጥር ዓይኔን እጨፍናለሁ። ስገልጠውም መብራቱ አለ።

ነርሶቹ አስያን ተቀብለው ባለ ጎማ አልጋ ላይ አስተኟት። በሩ ላይ ያለው ፖሊስ ፊቴን አንዴ አየኝ።

"ሸጋላ?" አለ። የቤት ሠራተኛ ነሽ ወይ ማለቱ ነው። ዳይሬክተሩና እሱ አንድ ዓይን ነው ያላቸው። "ኢቃማ።"

"የለኝም። እሷን ላድርስ፣ ከዚያ እመጣለሁ" አልኩት በአረብኛ። ድምፄ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁት።

ምን እንዳሰበ አላውቅም። አልያዘኝም፤ ከጎኔ መራመድ ጀመረ።

ጎማው ተንኳኳ። ልክ እንደዚያ ጋሪ ነው የሚንኳኳው፤ አንዱ እግር ላላ ብሎ። አስያ ዓይኗን ጨፍናለች።

"አለሽ?"

"አለሁ። ደርሰናል። በሩ ይታየኛል።"

"ይቀድዱኛል?"

"ቶሎ ነው የሚያልቀው። ስትነቂ ሾርባ ትጠይቂያቸዋለሽ።"

የፖሊሱ የመገናኛ ሬዲዮ ይንጫጫል፤ ቃሉ ሁሉ ስለ እኔ ይመስለኛል። ላብ ጀርባዬን ሲወርድ ይሰማኛል። አፌ ግን ቀስ ብሎ፣ ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ እያረፈ፣ ይናገራል። አንድ ሐኪም ወጥቶ ሆዷን ነካ፣ ፊቱን አጨማደደ፣ "ለምን አዘገያችኋት? ገና አልፈነዳም፤ ያላ አስገቧት" አለ።

በሩ ተከፈተ። የአስያ ጣቶች ከጣቴ ወጡ። በሩ ተዘጋ።

ሬዲዮ ላይ ቢሆን እዚህ ጋ ሙዚቃ ይገባ ነበር። ፖሊሱ ክንዴን ያዘና "ያላ" አለኝ።

በራሴ ድምፅ "እሺ" አልኩት።