ሸዋገነት የመረጠቻት ጥይት

ኅዳር 12 ቀን 1975 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሸዋገነት የሳሎኑን መስኮት ዘግታ በስንጥቁ እርጥብ ጨርቅ ስትወትፍ፣ ባሏ በየነ ከኪሱ ሁለት ጥይት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አቆመ። ውጭ ሰፈሩ በሙሉ ኅዳርን እያጠነ ነው። ከኮልፌ እስከ አስኮ በየደጁ የተከመረው ቆሻሻ ይነዳል። ጭሱ በቆርቆሮው ክፍተት እየሾለከ ይገባል፤ በየነ ባሳለ ቁጥርም ጠረጴዛው እየተንቀጠቀጠ ጥይቶቹ እርስ በርስ ይንኳኳሉ።

"ምረጪ" አላት።

ሸዋገነት ሰምታ እንዳልሰማች ጨርቋን መወተፍ ቀጠለች።

የበየነ ቤት ወግ ነው። አባቱ ከመንዝ ወርደው አዋሽ ቆላ ሲያድኑ በኖሩበት ዘመን፣ ጠመንጃቸው መጀመሪያ የሚጎርሳትን ጥይት የሚሰጧቸው እናቱ ነበሩ። ሚስት ጥይት ካልሰጠች አዳኝ ከቤት አይወጣም። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እናቱ ሲጠየቁ፣ ከሚስት እጅ የወጣ ነገር የቤቱን መንገድ አይረሳም ይሉ ነበር። ሸዋገነትም ከተዳረችበት ዓመት ጀምሮ ስትሰጥ ኖራለች፤ ግን ተጨንቃበት አታውቅም። ጥይቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለነበሩ እጇ የገባላትን ከካርቶኑ አንስታ "በደህና ግባ" ብላ ታቀብለው ነበር።

የዛሬው ሌላ ነው። አንደኛ፣ በየነ ታሟል። ዕድሜውን ሙሉ ለአዳኝ እንግዶች መንገድ እየመራ ቆላ ለቆላ የዞረ ሰው፣ ካምና ጀምሮ ከአልጋ እስከ በረንዳ ሆኗል። ሆስፒታል ቀኝ ጎኑን ከፍተው ውሃ ቀድተውለታል። ሐኪሙ ሸዋገነትን ኮሪደር ላይ ለብቻዋ ጠርቶ፣ የሚቀጥለውን ክረምት ማየቱን እጠራጠራለሁ ብሏታል። ለማንም አልተናገረችም። በየነም አልጠየቃትም፤ አለመጠየቁ ነው ማወቁን የነገራት።

ሁለተኛ፣ ጥይቶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው።

ይህን ጣጣ ያመጣው ቱሉ ነው። ቱሉ ከበየነ ጋር ዘመኑን ሁሉ የአደን መኪና የነዳ ሾፌር ነው። ቤቱ አስኮ ነው፤ ሚስት የለውም፤ ምሳውን ከእነሱ ጋር ይበላል። ለአንድ ሳላ፣ ለዚያ ቀንደ ረጅም የቆላ አውሬ፣ የአደን ፈቃድ፣ ከቀበሌም የይለፍ ወረቀት አስጨርሶ፣ ጾመ ነቢያት ሳይገባ ነገ ጎህ ሲቀድ እንሂድ ብሎ መጣ። ለበየነ የመጨረሻው መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ የሚናገረው ግን አልነበረም።

የበየነ ጠመንጃ ሠላሳ ዜሮ ስድስት የሚሉት ነው። የቱሉ ደግሞ ሁለት ሰባ ይባላል። የሁለቱን ጥይት ለማያውቅ ሰው አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል።

"የአንድ እናት ልጆች ናቸው፣ እትዬ" አላት ቱሉ። "ሰውነታቸው አንድ ነው፤ አንገታቸው ላይ ነው የሚለያዩት። የእኔዋ ቀጠን ትላለች። እርሳሷም ቀለል ስለሚል ሜዳ ላይ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ስትተኮስም ትከሻ ላይ ብዙ አትከብድም።"

በየነ አኮረፈ። ሜዳው ነፋስ እንዳለው፣ ሳላም ትከሻው ላይ እንደ በር መቃን ያለ አጥንት እንዳለው አስረዳ። የእሱ ጥይት በአንድ ጎን ገብታ በሌላው ትወጣለች፤ የቱሉ ግን አጥንት ሲገጥማት ምን እንደምትሆን እግዜር ይወቅ አለ።

"ጋሼ፣ ሳላው እኮ የሚሞተው አንዴ ነው" አለ ቱሉ።

"ያንተ የሴት ጠመንጃ ነው።"

"ሚስት አላገባሁም እንጂ ሴት ስትመታ እንዴት እንደሆነ ከጎረቤት ሰምቻለሁ።"

ሸዋገነት ጀርባዋን ሰጥታቸው ስለነበር ፈገግታዋን አላዩትም። ፈገግታው ግን ብዙ አልቆየም። ትልቋን ብትመርጥ በየነ የራሱን ጠመንጃ ይዞ ይሄዳል፤ ስትተኮስም ሰደፉ ሐኪም ከከፈተው ጎን በላይ፣ ገና ሲነኩት በሚያመው ቦታ ላይ ያርፋል። ትንሿን ብትመርጥ የሰው ጠመንጃ ተሸክሞ ሊሄድ ነው፤ ይህ ለእሱ ከምርኩዝ አይሻልም። ሦስተኛም መንገድ አለ። ዝም ብትል፣ አንዷንም ባታነሳ፣ በየነ ከዚህ ቤት አይወጣም። የአባቱን ወግ አይሽርም። እዚሁ ዓይኗ ሥር ይቀመጥላታል። ከጠዋት ጀምሮ ስታስበው የዋለችው ይህንኑ ነው፤ ጨርቅ መወተፉም ለዚሁ ሐሳብ ጊዜ መግዣ ነበር።

በመጨረሻ ዞር ብላ፣ ትከሻ ላይ የሚከብደው ምን ያህል ነው ብላ ጠየቀች። ሁለቱም በቃል ማስረዳት አቃታቸው። ጓሮ ወጥቶ ተኩሶ ማሳየት አይታሰብም፤ አንዲት ጥይት ብትጮህ የአብዮት ጥበቃው በደቂቃ ግቢውን ይሞላዋል። ቱሉ ተነሥቶ ግድግዳውን በመዳፉ ገፋ አደረገ፤ የትንሿ ይህን ያህላል አለ። ትንሽ ጨመር አድርጎ ደግሞ ገፋ፤ የትልቋ ይሄ ነው አለ።

"ቁም እስቲ" አለችው ሸዋገነት ባሏን።

በየነ ተነሣ። ቀኝ እግሩን ወደኋላ አድርጎ ጠመንጃ እንደያዘ ሰው ተመቻቸ። ሸዋገነት መዳፏን ከትከሻው ሥር አኑራ እንደ ትንሿ ገፋችው።

"ምንም" አለ።

እንደ ትልቋ ገፋችው።

"እሱም ምንም።"

ድምፁ አልተለወጠም፤ ፊቱም አልተለወጠም። ግራ እጁ ግን ሳያስበው ሄዶ የወንበሩን መደገፊያ ጨበጠ፤ ጥፍሮቹም ነጡ። ቱሉ አይቶ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሸዋገነት መዳፏን ከትከሻው ላይ ወዲያው አላነሳችም። ከሸሚዙ ሥር አጥንቱ እንዴት እንደወጣ፣ ልቡም እንዴት እንደሚሮጥ ተሰማት። በጤናው ወራት ለአንድ ሳላ ልቡ እንዲህ ሮጦ አያውቅም። እየጠበቀ ያለው የጥይት ምርጫ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባት። ልሂድ ወይ ማለት ከብዶት ነው። ልትከለክለው ስታስብ መዋሏ እንደ ጭሱ ዓይኗን አቃጠላት።

ጠረጴዛው ጋ ሄዳ አንገተ ቀጭኗን አነሣች።

"ይቺን።"

በየነ፣ በዚህ ዕድሜዬ የቱሉን ጠመንጃ ተሸክሜ ሲያዩኝ የቆላ ሰዎች ምን ይሉኛል አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው፤ የተቆጣ አልመሰለም።

"ሚስቴ መረጠችልኝ በላቸው" አለችው። "ወይስ በአባትህ ቤት ሚስት የሰጠችው ይመለሳል?"

በየነ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠበት፤ ሳሉ እስኪያልፍ ጀርባውን ደገፈችው። ከዚያ ጥይቷን በገዛ እጇ ግራ ደረት ኪሱ ከታ ቆለፈችለት፤ ከሌላው ጋር እንዳያቀላቅላት አስጠነቀቀችው። ማታውን ከአሮጌ ጋቢ ላይ ቁራጭ ቀዳ፣ አጣጥፋ፣ ከካኪ ኮቱ ቀኝ ትከሻ ሥር በውስጥ በኩል ሰፋችለት። በየነ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ጠመንጃዬ ቤት አይቀርም፣ ቱሉ ይያዝልኝ አለ። እንዲህ ተለዋውጠው በንጋታው ሄዱ።

ሐሙስ ፀሐይ ሳትጠልቅ የመኪናው ድምፅ ተሰማ። ሸዋገነት በሩን ስትከፍት በየነ ከጋቢናው በራሱ እግር ወረደ። ከኋላ የሳላው ቀንድ እንደ ሁለት ጦር ቀጥ ብሎ ቆሟል። በየነ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ የተረከላት ቱሉ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት መንጋውን አገኙ። በየነ በየግራሩ ጥላ እያረፈ፣ ሳሉን በኮቱ እጅጌ እያፈነ፣ ሁለት ኳስ ሜዳ ያህል እስኪቀረው ቀረበ። ያን ጊዜ አንዱ ኮርማ ቀና አለ። በየነ የልማድ ነገር ሆነና እጁን ወደ ቀበቶው ሰደደ። በወገቡ የታጠቀው ግን የኖረበትን የራሱን ዝናር ነው፤ የሞላውም የትልቋ ጥይት ነው። ሳያይ መዝዞ ለቱሉ ጠመንጃ አጎረሰው። የጥይቷ አንገት ወፍራም ነውና መዝጊያው አልዘጋ አለው። ገፋው፤ እንቢ አለ። ጠመንጃው የተሰበረ መስሎት ፊቱን ወደ ቱሉ አዞረ።

"አንተ ለምን አልተኮስክም?" አለችው ሸዋገነት። "የእሱ ጠመንጃ በእጅህ አልነበር?"

ቱሉ መሬት መሬት አየ። አነጣጥሮ እንደነበር፣ ሳላው የጋሼ ነውና ምላጩን ግን መሳብ እንዳልቻለ ነገራት።

ቀጥሎ የሆነውን በየነ ራሱ ተናገረ። ሳል መጣበት። እንዳያመልጠው ደረቱን በእጁ ሲጫን በኪሱ ውስጥ አንድ ጠንካራ ነገር ጣቱን ነካው። የማትገባውን ነቅሎ አወጣና የሚስቱን አጎረሰ። መዝጊያው እንደ ገዛ ቤቱ በር ተዘጋለት። ኮርማው ጥቂት ሮጦ ወደቀ፤ ቱሉ ደርሶ ባርኮ አረደው።

"ትከሻህስ?" አለችው።

"ገፋችኝ እንጂ አልመታችኝም" አለ። "አንቺ እሑድ እንደገፋሽኝ ነው።"

የገዳይ ራስ ቅቤ ይቀባል። ሸዋገነት ለጋ ቅቤ በቅል አዘጋጅታ ጠብቃ ነበር። ጎረቤት አልጠራችም፤ አልተጨፈረም። ከኋላው ቆማ የሳሳውን ፀጉሩን በቀስታ አሸችለት። በመካከሉ አንገቱ ዘንበል ብሎ ሆዷ ላይ አረፈ፤ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። እንዳይነቃ ብላ፣ ቅቤው በቀሚሷ ላይ እየወረደ፣ እስኪጨልም እንደቆመች ቆየች። ቱሉ ኮቴው እንዳይሰማ ጫማውን አውልቆ ወጣ።

የሳላውን ቋንጣ ለገና ሦስቱም አብረው በሉት። በየነ መጋቢት 5 ቀን አረፈ። ጠመንጃውን ቀበሌው መጥቶ ተረከበ። ቱሉ እስከ መጨረሻው ሚስት አላገባም፤ ለአደን በሚወጣበት ቀን ሁሉ መኪናውን በኮልፌ በኩል አዙሮ፣ የራሱን ካርቶን ሰጥቷት የመጀመሪያዋን ጥይት ከሸዋገነት እጅ ይቀበል ነበር።