ማራገቢያ የሌለው ኮምፒውተር

ጠይባ መካነ ሰላም ውስጥ ኮምፒውተር ትጠግናለች። ባለፈው የአያቷን የሼህ መሐሙድን መንዙማ ስትቀዳ የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ጩኸት ድምፃቸውን ዋጠው። ደረታቸውን ካመማቸው ወዲህ ድምፃቸው እየሰለለ በመሄዱ የምታባክነው ጊዜ አልነበራትም። ማራገቢያውን ነቅላ፣ ሙቀቱን በጀርባው የሚያስወጣ ወፍራም የአሉሚኒየም ቀፎ ራሷ ሠራችለት።

ዛሬ ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። ኮምፒውተሩ ጭጭ ብሏል። ጠይባ ቀፎውን ዳሰስ ብታደርገው ሊያቃጥላት ደረሰ። መሀል ላይ ቢጠፋስ? አያቷ እንደገና ለመጀመር አቅም የላቸውም። መስኮት እንዳትከፍት የመንገዱ ጫጫታ ይገባል። ስክሪኑ ላይ የሙቀቱ ቁጥር ጨመረ፣ አሁንም ጨመረ፤ ልታስቆማቸው ስትል ባለበት ቀጥ አለ።

ሽማግሌው ጨርሰው ተነፈሱ። «ተቀዳ ወይ ልጄ?»

ቅጂውን ከፍታ አሰማቻቸው። ከመንዙማው ጋር የደረት ሲርሲርታ ይሰማል።

«ይኼ ሲር ሲር የሚለው ማነው?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት፣ አባባ።»

«አልሐምዱሊላህ፤ ለካ እንዲህ ታምሜያለሁ!»

«ላጥፋው?» አለች ጠይባ።

«ተይው፣ እስኪያልቅ እንስማው» አሏትና ወደሷ ጠጋ አሉ።