መታጠፊያው ላይ

እኔ ሰዓት አይቼ ፓስታ ቀቅዬ አላውቅም። በእኛ መንደር ባሏ ለመኪና ፋብሪካው አዲስ መኪና እየነዳ የሚሞክር ሴት ሁሉ እንደዚያው ናት። ውሃውን አፍልታ ትጠብቃለች፤ መኪናው ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ሲታጠፍ፣ ማርሽ ሲቀንስ ስትሰማ ፓስታውን ትጨምራለች። ባልዮው መኪናውን አስረክቦ በብስክሌት እቤቱ ሲደርስ በስሎ ይጠብቀዋል። ባሌ ኔሪኖ በእኔ እጅ ጥሬም የላሸቀም በልቶ አያውቅም።

ፋብሪካው እኔ ሳገባ አስራ አንድ ሰው የሚሠራበት ጋራዥ ነበር፤ የባለቤቱ እጅ ሳይቀር በግራሶ የተለወሰ። ዛሬ ሀብታም ሁሉ ለአንድ መኪና ሁለት ዓመት ወረፋ ይጠብቃል። ከመጀመሪያዎቹ ሞካሪዎች አንዱ የእኔ ባል ነበር፤ ይህን ማንም አይነጥቀኝም።

ታሞ ሲተኛ ግን ያ ድምፅ ጠላቱ ሆነ። እኩለ ቀን ላይ መኪናው ሲያልፍ ግድግዳ ተደግፎ ይነሳና መስኮቱ ጋ ይቆማል። "ሦስተኛ ማርሽን ቀደም አድርጎ አስገባው፣ ይሄ ደንቆሮ" ይላል። ከዚያ ያለቅሳል። ሁለት ጊዜ ወድቋል። ያን ድምፅ እንዳይሰማ ብዬ፣ መኪኖቹ በመንደራችን እንዳያልፉ ቤት ለቤት ዞሬ የመቶ አርባ ሰው ፊርማ ያሰባሰብኩት እኔ ነኝ። ማዘጋጃ ቤቱ ዝም አለ። ኔሪኖም በዚያው ክረምት ሞተ።

ይኸው ስድስት ዓመት። ልጅ የለኝም። ስልኬ የሚጮኸው ሰው ተሳስቶ ሲደውል ነው። እኩለ ቀን ላይ ግን አንድ የማላውቀው ሰው መታጠፊያው ላይ ማርሽ ይቀንሳል፣ እኔም ፓስታዬን እጨምራለሁ። የሚመጣ እንደሌለ ጠፍቶኝ አይደለም። ለዚያች አስር ደቂቃ ባለ ባል ነኝ፣ በቃ።

ባለፈው ሐሙስ ደብዳቤ መጣ። አቤቱታዬ ተቀባይነት አግኝቷል፤ መኪኖቹ ከሰኞ ጀምሮ በሌላ መንገድ ይሄዳሉ ይላል።

ማዘጋጃ ቤት ሮጥኩ። ጸሐፊው ቲዚያኖን ከልጅነቱ አውቀዋለሁ።

"ፊርማዬን መልስልኝ" አልኩት።

"እማማ አርጂያ፣ ፊርማ ለጎረቤት ያዋሱት እንቁላል መሰለዎት እንዴ?" ብሎ ሳቀ።

"የጀመርኩት እኔ፣ የማቆመውም እኔ።"

"ሰው ሁሉ እየመረቀዎት ነው እኮ። እንግዲህ እንቅልፍዎን ይተኛሉ።"

"እንቅልፍ ማን ጠየቀህ?"

"ታዲያ ያኔ ምን ፈልገው ነው ያስፈረሙት?"

ለባሌ ብዬ ነው ብዬ ብመልስለት፣ ባልዎ የት አሉ ሊለኝ ነው። ወጥቼ ሄድኩ።

ሰኞ ውሃውን ጣድኩ። የእኩለ ቀኑ ደወል ተደወለ። ውሃው ፈላ። ጎረቤቴ ዶሪና በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ "እትዬ አርጂያ፣ ዕድሜ ይስጥሽ፤ ይኸው የወፍ ድምፅ እንኳ ተሰማ" አለችኝ።

"አሜን" አልኳት። ምን ልበላት?

ፓስታውን እንደያዝኩ ምድጃው ፊት ቆምኩ። ውሃው እየጎደለ፣ እየጎደለ ሄደ። ድስቱ ሊያር ሲል እሳቱን አጠፋሁና ፓስታውን ወደ ከረጢቱ መለስኩት። ኔሪኖ እንደማይመጣ ያወቅኩት ያኔ ነው፤ በገዛ ፊርማዬ።