የሻርፑ ቀይ

ልጃቸው ከደረጃ ወድቃ ሞተች ከተባለ ወዲህ፣ ለአሮጊቷ የቀራቸው ማስታወሻ አንድ የቪዲዮ ካሴት ነበር። ከመሞቷ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በልጅ ልጃቸው ልደት የተቀረጸ ነው። እሳቸው ያን ዕለት ታመው አልሄዱም። ልጃቸው አንገቷ ላይ ቀይ ሻርፕ ጣል አድርጋ ትስቃለች። ቤት በቴሌቪዥን ሲያዩት የሻርፑ ቀይ እየፈሰሰ አንገቷን እስከ አገጯ ያለብሰዋል። ይሁን፤ ሳቋ ይበቃቸው ነበር።

ካሴቱ እያረጀ ሲሄድ ወደ ዲቪዲ ሊያስገለብጡት ፈለጉ። አማቻቸው፣ የሟቿ ባል፣ ካሴቱን ከሚያጫውቱበት ካሜራ ጋር በመኪና ኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሱቅ አደረሳቸውና ሲጋራ ሊያጨስ ውጭ ቀረ።

ጠጋኙ ካሜራውን ሽቦ በወረረው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከቴሌቪዥን የሚያገናኘውን ቢጫ ገመድ አነሳ። "እማማ፣ እስከ ዛሬ በዚህ ነው የሚያዩት?"

"በሌላ በምን ልየው ልጄ? ያለኝ እሱ ነው።"

"ይሄማ ብርሃኑንም ቀለሙንም በአንድ ሽቦ አጭቆ ነው የሚያመጣው። እንደ ታክሲ ተሳፋሪ ሲጋፉ አንዱ ባንዱ ላይ ይፈሳል። ኤስ ቪዲዮ የሚሉት ይሄኛው ገመድ ግን ለየብቻ ያመጣቸዋል። አሁን ጥርት አድርጌ ነው የማሳይዎት።"

ሰካው። የቅንድቧ ጸጉር ሳይቀር ተለየ። አሮጊቷ "ልጄን! ልጄን!" እያሉ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ቀዩ አሁን ሻርፑ ጠርዝ ላይ ቆሟል። ከልጇ ጋር ሻማውን እፍ ልትል ጎንበስ ስትል ግን፣ ከሻርፑ በላይ አራት የበለዙ ምልክቶች ጎን ለጎን ታዩ። የጣት ናቸው።

"አቁምልኝ" አሉ።

አማችየው "እማማ፣ አለቀ?" እያለ ገባ። ስክሪኑን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። "አሮጌ ካሴት… ገመዱ ነው እንዲህ የሚያደርገው። አይደል ወንድሜ?"

ጠጋኙ ቀና ብሎ አየው። ሰውየው ግንድ የሚያህል ነው፤ በሩንም ዘግቶት ቆሟል። "ገመድ የሌለ ነገር አያመጣም" አለ ቀስ ብሎ።

አሮጊቷ ካሴቱን ከካሜራው አስወጥተው ጉያቸው ከተቱና አማቻቸውን ከበሩ ገፋ አድርገው በእግራቸው ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። መርማሪው ደጋግሞ አየው። "እማማ፣ ያኔ የበለዘ አንገት በኋላ ማን እንደገፈተራት አይናገርም። ያየ ሰው አለ?"

ያየ የለም።

በማግስቱ ፍራሻቸውን አሸክመው አማቻቸው ደጅ ቆሙ። "የልጄን ልጅ ላሳድግ መጣሁ" አሉት፣ ጎረቤት እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። የሰው አፍ ፈርቶ አስገባቸው። ከዚያ ወዲህ የሚተኙት የልጅ ልጃቸው ክፍል በር ላይ ተጋድመው ነው፤ እሱ በኮሪደሩ ባለፈ ቁጥር ዓይናቸው ይገለጣል።