የፀደንያ ማስረጃ

ፀደንያ የቀለም ጠርሙሱን ደፍታ ቂጡን መታ መታ አደረገችው። የመጨረሻዋ ጠብታ እያቅማማች ወጥታ ሳህኑ ላይ ካለው ውሃ ጋር ተቀላቀለች። ስፖንጁን ነከረች፣ ጨመቀችና አስቀድማ ጨምድዳ መልሳ የዘረጋችውን ወፍራም ወረቀት ዳር ዳሩን ታስነካው ጀመር። ቡናማው ቀለም በየሽብሽቡ ሲሰርግ፣ ሐሙስ ዕለት የተገዛው ነጭ ወረቀት ዓይኗ እያየ መቶ ዓመት ሞላው። ይህን ሁሉ የምታደርገው ስልኳን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል አጣብቃ እያወራች ነው።

"ሔርዬ፣ አታስቢ፤ ማስረጀቱን ጨርሻለሁ" አለች። "ማንም ቢያየው የድሮ ነው የሚለው። አሥር ሰዓት ላይ ነይና ውሰጂ። ለሰው ብቻ እንዳትናገሪ።"

ሔራን ባንክ ቤት የምትሠራ ደንበኛዋ ናት። ነገ፣ እሑድ፣ የሔራን እናትና አባት ከተጋቡ ድፍን ሃምሳ ዓመት ይሞላቸዋል። ልጆቻቸው ሳያሳውቋቸው ደግሰዋል፤ የትዝታ አልበምም ሊሰጧቸው አስበዋል። "ገጾቹ እንደ ድሮ መጽሐፍ ያረጁ ይሁኑ" ብላ ያዘዘችው ሔራን ናት። ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ሰፈር በተከራየቻት አንዲት ክፍል ፎቶ ኮፒ እያነሳችና የሰው ማመልከቻ እየጻፈች ለምትኖረው ፀደንያ ይህ የመጀመሪያው ትልቅ ሥራዋ ነው። አሥራ አንዱ ገጽ አልቆ ካርቶን ውስጥ ተቀምጧል። የቀረችው የሠርጉ ፎቶ የሚለጠፍባት ይህቺ የመጨረሻዋ ገጽ ናት።

ስልኩን ዘግታ ዞር ስትል አባቷ በሩ ላይ ቆመዋል።

መሪጌታ ገብረ ጻድቅ በአንኮበር ቁም ጸሐፊ ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ ብራና ሲፍቁ፣ መቃ ሲቀርጹ፣ ዳዊት ሲጽፉ ኖረዋል። ዛሬ የዓይን ጠብታ ሊገዙ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጥተው፣ እግረ መንገዳቸውን ልጃቸውን ሊያዩ ጎራ ማለታቸው ነው። በአንድ እጃቸው የገብስ ቆሎ፣ በሌላው የማትለያቸውን የጽሕፈት ቦርሳ ይዘዋል። ፀደንያ ጉልበታቸውን ስማ ከሰሉ አጠገብ አስቀመጠቻቸው። ወረቀቷን በገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀለችና ካርቶኗን አንስታ የሠርጉን ፎቶ ለማሳተም ወደ ፎቶ ቤት ለመሮጥ ተነሣች። በደብረ ብርሃን ቅዳሜ መብራት መቼ እንደሚጠፋ የሚያውቅ የለም።

"አባባ፣ ያቺን ወረቀት አደራ እንዳይነኳት፣ አልደረቀችም" አለች በሩ ላይ ሆና። "ሰው ቢመጣም አያሳዩ።"

መሪጌታ ጆሯቸው ደህና ነው። ችግሩ፣ ጆሯቸው የሚጠብቀውን ቃል መስማቱ ነው። ፀደንያ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ሁለት ዓመት ሆናት፤ ሁለት ዓመት ሙሉም አንዲት ቃል ሲጠብቁ ኖረዋል፤ ማስረጃ። "ማስረጃዋ መጣ ወይ?" ብሎ ያልጠየቃቸው የደብሩ ሰው የለም። እሳቸውም ልጅቷ "ይመጣል" ስትላቸው፣ በሙያቸው ተርጉመው "እየተጻፈ ነው" እያሉ መልሰዋል። ሁለት ዓመት የሚጻፍ ዲግሪ በርካታ ገጽ ያለው መሆን አለበት ብለው በልባቸው ይኮሩም ነበር። እና ዛሬ በሩ ላይ ሆነው "ማስረጀቱን ጨርሻለሁ" ስትል፣ እሳቸው የሰሙት "ማስረጃውን ጨርሻለሁ" ነው። ሬዲዮኑ ስለ ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ ጠዋት ማታ ሲያወራ ሰምተዋል። የድሮ ይመስላል ብላለች። ለሰው አትናገሪ ብላለች። ገመዱ ላይ ደግሞ ገና ምንም ያልተጻፈበት፣ ቀለም ጠጥቶ ያረጀ ወረቀት ተንጠልጥሏል።

"ያልጠረጠረ ተመነጠረ" አሉ ለራሳቸው።

ወረቀቱ ለምን እንዳረጀም ወዲያው ገባቸው። ከሁለት ዓመት በፊት የተሰጠ እንዲመስል ነዋ። ደግሞ ለሰው የምትሠራ ለራሷ ሳትሠራ አትቀርም፤ ይህቺ ባዶዋ የራሷ ናት። ከሰል ውስጥ ሊከቱት ቃጣቸው፤ ግን አርባ ዓመት በጸሐፊነት የኖረ ሰው ወረቀት አያቃጥልም። ለሕግ ሰው እንዳይናገሩ ልጃቸው ናት። ዝም እንዳይሉም በእግዜር ፊት ተጠያቂ ናቸው። ሰው ሲጨንቀው የሚያውቀውን ነው የሚሠራው። ወረቀቱን አወረዱ፣ ቦርሳቸውን ፈቱ፣ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም ከፈቱ፣ መቃቸውን ነከሩና ጎንበስ አሉ።

ፎቶ ቤቱ መብራት ጠፍቶበት ኖሮ ፀደንያ የተመለሰችው ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ነው። የሠርጉን ፎቶ በእጇ ይዛለች። ገመዱ ባዶ ነው። ወረቀቷ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግታለች፤ ከታች በኩል፣ የአንኮበር ዳዊት በሚጻፍበት ቁመና፣ እንዲህ የሚል ሰፍሮባታል፦

ይህ ወረቀት አዲስ ነው። ዕድሜው ከሳምንት አይበልጥም። ያረጀው በዘመን ሳይሆን በቀለም ነው። እንዲህ ያደረገችውም ፀደንያ ወለተ ገብረ ጻድቅ ናት፤ በ፳፻፲፯ ዓመተ ምሕረት፣ ሚያዝያ ፳፭ ቀን፣ በደብረ ብርሃን። አሮጌ ነው ብሎ ሰው ያታለለበት፣ ይህንንም ጽሑፍ የፋቀ፣ የቆረጠ ወይም የቀደደ፣ በጴጥሮስና በጳውሎስ ቃል የተወገዘ ይሁን።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

"አባባ፣ ምን አደረጉኝ?"

"ከእስር ቤት አዳንኩሽ" አሉ መሪጌታ። ቆሏቸውን እየቆረጠሙ ነበር፤ ቢሆንም ቆሎው እንዳልጣመላቸው ፊታቸው ይናገራል። "ማስረጃ ስትሠሪ በጆሮዬ ሰማሁ። ለማን እንደምትሸጭው አልጠይቅሽም።"

"ማስረጀት ነው ያልኩት። ማስረጀት፤ ወረቀት አሮጌ ማስመሰል።"

"እኔስ ሌላ ምን አልኩ? ማስመሰል ነው።"

ፀደንያ ካርቶኗን ከፍታ አሥራ አንዱን ገጽ ጠረጴዛው ላይ ደረደረችላቸው። አንዲት ሕፃን በክርስትናዋ ቀን፣ አንድ ወታደር፣ ጭድ ላይ የተቀመጡ አምስት ሕፃናት፣ የልደት ኬክ፣ የምረቃ ካባ። መሪጌታ ጎንበስ ብለው አንድ በአንድ አዩ። ስለ ሔራን ወላጆች፣ ስለ ሃምሳው ዓመት፣ ስለ ነገው ድግስ ነገረቻቸው። እየሰሙ በሄዱ ቁጥር ጢማቸውን መጎተታቸው እየጨመረ መጣ።

"ሰው ይህን ወዶና ፈቅዶ ያዛል?" አሉ በመጨረሻ። "እኔ አርባ ዓመት መጽሐፍ እንዳያረጅ ስታገል ኖሬ፣ ልጄ በማስረጀት ልትኖር?"

"ሰዓቱ ዘጠኝ ሆኗል፣ አባባ። ከታች በኩል ልቁረጠው።"

"ተወግዟል።"

"ልፋቀው።"

"እሱንም ጽፌዋለሁ።"

ፀደንያ ጽሑፉን እንደገና አየችው። "በፎቶው ብሸፍነውስ? መሸፈን አልተጻፈም።"

መሪጌታ አሰቡ። "ረስቼው ነው" አሉ። "ግን እግዜር የሚያየው ልብን ነው፤ ሸፍነሽ ብትሸጪው ማታለሉ ላይ ይወድቃል።"

"እንግዲያው ይፍቱኝ።"

"እኔ ቄስ አይደለሁም። መፍታት አልተሰጠኝም።"

"መፍታት ካልተሰጠዎት ማውገዙን ማን ሰጠዎት?"

ቅኔ ቤት ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀ ተማሪ ይጨበጨብለት ነበር። አሁን ግን ቆሎውን ወደ ጎን ገፋ አድርገው የከሰሉን አመድ መጫር ጀመሩ። ቀና ሳይሉ የፈሩትን ጠየቁ።

"የራስሽስ ማስረጃ የታለ?"

ፀደንያ ይህን ጥያቄ ሁለት ዓመት ሸሽታዋለች። ዛሬ ግን የሠርጉ ፎቶ እጇ ላይ፣ የአባቷ ውግዘት ጠረጴዛዋ ላይ፣ ሔራን መንገድ ላይ ናት፤ መሸሻ የለም። "የለም" አለች። "የመውጫ ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። የሚጻፍ ነገር የለም። ለሰው ሁሉ እየተጻፈ ነው ብለው ስለተናገሩ፣ ልነግርዎት አፈርኩ።"

መሪጌታ ፀደንያ እንደፈራችው አልተቆጡም፤ ትከሻቸው ላላ፣ ፊታቸውም ፈታ አለ። አጭበርባሪ ሆናለች ብለው ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲብሰለሰሉ ለቆዩ አባት ወድቃለች ማለት የምሥራች ነው።

"እኔን መምህሬ ከቅኔ ቤት ሦስት ጊዜ መልሰውኛል" አሉ። "አንቺ ገና አንድ ይቀርሻል።"

ፀደንያ ሳቀች፤ ዓይኗም እንባ አቀረረ። እንባዋን በጋቢያቸው ጫፍ ስትጠርግ ጽሑፉ ላይ ቀድሞ ያላስተዋለችውን አየች። ሌላው ሁሉ በጥቁር ነው። የእሷ ስም ግን በቀይ ነው። ያደገችው በዚህ ቀለም መሃል ነውና በቀይ የሚጻፈው የማን ስም እንደሆነ ታውቃለች፤ የቅዱሳንና መጽሐፉን ያጻፈው ሰው።

"ስሜን ለምን በቀይ ጻፉት?"

"በጥቁር ልጽፈው ነበር" አሉ መሪጌታ ወደ በሩ እያዩ። "እጄ እምቢ አለኝ።"

አንድ ነጭ ወረቀት ቀርቷታል። የቀለም ጠርሙሱ ግን ባዶ ነው፤ የገዛችበት ሱቅ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ዝግ ነው። ይህን ስትነግራቸው መሪጌታ የራሳቸውን ጥቁር ቀለም አዩት። ከጥቀርሻና ካረረ ገብስ ተሠርቶ ስድስት ወር የቦካ፣ ሦስት መቶ ዓመት የማይለቅ ቀለም ነው። እንዲህ ያለውን ቀለም በውሃ ማቅጠን ለእሳቸው ጠላ ላይ ውሃ ጨምሮ እንግዳ ከመጋበዝ ይብሳል። ተነፈሱና አንድ ማንኪያ ያህል ሳህኑ ውስጥ ጠብ አደረጉ።

"አመድ መሰለ" አለች ፀደንያ።

"ቆይ እንጂ።" ከቀዩ ሁለት ጠብታ ጨመሩበት። ሳህኑ ውስጥ ያለው ውሃ ወዲያው የአሮጌ ብራና ቡናማ ሆነ።

ስፖንጁን አንስታ እንደ ልማዷ ዳር ዳሩን እኩል ልትቀባ ስትል እጇን ያዙት። መጽሐፍ እንዲህ እንደማያረጅ ነገሯት። ዳሩ እኩል የጠቆረ መጽሐፍ በዕድሜያቸው አላዩም። መጽሐፍ የሚያረጀው ሰው በነካው በኩል ነው። ጳጳስም ሆነ ዲያቆን ገጽ የሚገልጠው ጣቱን በምራቅ አርሶ ነውና፣ ከታች ጥጉ ላይ ያድፋል። ሰው አዘውትሮ የሚያነበው ገጽ ከሌሎቹ በላይ ይቆሽሻል፤ የሚዘለለው ገጽ እንደ ሙሽራ ነጭ ሆኖ ይኖራል።

"እዚህ ላይ የሚለጠፈው ምንድን ነው?" ብለው ጠየቋት።

"የሠርጋቸው ፎቶ።"

"ሚስቲቱ ቶሎ ቶሎ ትገልጠዋለች። እንግዲያው ይህ ገጽ ከሁሉም በላይ ይደፍ።"

አውራ ጣታቸውን ላሱ፣ ቀለሙ ውስጥ ነከሩና የወረቀቱን የታች ጥግ እንደሚገልጡት አድርገው ነኩት። እንደገና ነኩት። ሃምሳ ዓመት የሚያህል ጊዜ ነኩት። ከዚያ ወደ ኋላቸው ዘንበል ብለው ሥራቸውን ሲያዩ ያፈሩበት ደስታ ፊታቸው ላይ ነበረ። ወረቀቷን ከሰሉ ላይ እያገላበጡ አደረቋት፤ ፎቶውን ፀደንያ ለጠፈችው። የሌሎቹንም ገጾች ጥግ ካልነካሁ ብለው ሲያስቸግሩ ሦስቱን ፈቀደችላቸው።

ሔራን አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ እያለከለከች ገባች። መሪጌታን እጅ ነሳች፤ አልበሙን ከፈተች። የመጨረሻው ገጽ ላይ ስትደርስ፣ ማንም ሳያስተምራት፣ ጣቷ በቀጥታ ያደፈው ጥግ ላይ አረፈ። ሙሽራዋ እናቷ ከፎቶው ውስጥ ኮስተር ብላ ታያታለች።

"የእማዬ ጣት የነካው ነው የሚመስለው" አለች ድምፅዋ ቀነስ ብሎ። ከዚያ ቀና ስትል ጠረጴዛው ላይ የቀረችውን ወረቀት አየች፤ ቀዩን ስም፣ ያማረውን ፊደል። ውግዘቱ ጋ ሳትደርስ ተማረከች። "ይሄስ? ይሄ ደግሞ ያምራል፣ ፀዲ። ስንት ትሸጪልኛለሽ?"

መሪጌታ አንገታቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ቀበሩ። ፀደንያ ወረቀቷን አነሳችና ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ በላይ፣ የተከበሩ ሰዎች ዲግሪያቸውን በሚሰቅሉበት ከፍታ፣ ግድግዳው ላይ አስጠግታ ለካቻት።

"አይሸጥም" አለች፤ ምስማር ፍለጋ መሳቢያዋን እየከፈተች። "ማስረጃዬ ነው።"