ነገሩን ያነሳ

በጣልያን ጊዜ ኮልፌ ውስጥ ካሚዮን የሚነዳ ሐበሻ በጣት የሚቆጠር ነበር፤ የሰርኬ ባል ፈቀደ አንዱ ነው። ለመንገድ ሥራ ድንጋይ ያመላልሳል። መንዳቱ ብቻ ቢሆን ሰርኬም እንደ ጎረቤቶቿ በኮራች ነበር። ፈቀደ ግን አረቄ ሳይቀምስ መኪና አያስነሳም። ስትናገረው መልሱ አንድ ነው፤ "ትናንት ደህና ገብቼ የለ?" የትናንቱ ደህና መግባት እንደ ዋስ ይቆምለታል። እንዲህ ያለ ዋስ ቀኑ ሲደርስ እንደሚጠፋ የሚገባት ግን ሰርኬ ብቻ ናት።

ከዚህ በፊት አጥር ጥሷል፣ ቦይ ውስጥም ገብቷል። ሰፈሩ አንዴ ፍሬኑን፣ አንዴ የሰው ዓይንን ከሰሰ። አረቄውን የከሰሰ የለም።

ከፋሲካ በኋላ የአቶ መሸሻን በቅሎ ገጭቶ ገደለ። ሽማግሌው ከበቅሏቸው ጥቂት ቀደም ብለው ባይወርዱ ኖሮ እሳቸውም አብረው ነበሩ። ሰርኬ ይህን ስትሰማ፣ ቢያሳፍርም፣ ደስ አላት፤ አሁንስ ይማራል ብላ። አስታራቂ ሽማግሌ የለመነችውም እሷው ናት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ግቢዋ ተሰበሰቡ። ፈቀደ ድንጋይ ተሸክሞ አቶ መሸሻ እግር ላይ ወደቀ።

"ሁለተኛ ጠጥቼ መሪ ብይዝ እጄ ይቆረጥ!" አለ። እንባው የእውነት ነበር።

"ይቅር ለእግዚአብሔር" አሉ አቶ መሸሻ።

የሽማግሌዎቹ አለቃ አቶ ገብረአምላክ ብድግ ብለው፣ "ከእንግዲህ ይህን ነገር ያነሳ የተረገመ ይሁን!" አሉ። ሰርኬ ከሁሉም ጮክ ብላ አሜን አለች።

እርቅ ደግሞ በደረቅ ጉሮሮ አይታሰርም።

"ቅጂ እንጂ ልጄ፤ ታራቂዎቹ በአንድ ብርሌ ይቅመሱ" አሏት አቶ ገብረአምላክ።

አለመቅዳት እርቁን እምቢ ማለት ነው። ጠጁን ቀዳች። አንዱ ብርሌ ሁለት፣ ሁለቱ አምስት ሆነ። አቶ መሸሻም በቅሏቸውን ረስተው ፈቀደን "ልጄ" ማለት ጀመሩ።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል አቶ መሸሻ ሊሄዱ ተነሱ። ቤታቸው ቀራንዮ ነው፤ በቅሎ የላቸውም።

"እኔ እያለሁ አባቴ በእግራቸው?" አለ ፈቀደ፤ ደግፎ ካሚዮኑ ላይ አወጣቸው። የስድስት ዓመቷ ልጁ ብርቅዬ ሮጣ መሃላቸው ተቀመጠች።

"ፈቀደ፣ አሁን ምን ብለህ ነው የማልከው?" አለች ሰርኬ፣ ሳታስበው።

አቶ ገብረአምላክ ከዘራቸውን ቀሰሩባት። "አንቺ ሴት፣ አሜን ያልሽው በየትኛው አፍሽ ነው? እርግማን ልትጠሪብን ነው?"

"አባቴ፣ ልጄ እዚያ ውስጥ ናት..."

"ለእርቅ የተቀዳ ምን ያደርጋል? ደግሞ በእጅሽ የቀዳሽው ነው!"

ካሚዮኑ እያጓራ ወጣ።

ሰርኬ በሩ ላይ ቆማ ልጄን መልስልኝ ብላ ጸለየች። ባሌን አስተምርልኝ ለማለት ግን ፈራች፤ እንዲህ ያለውን ሰው የሚያስተምረው ምን እንደሆነ ታውቃለችና።

ሳይጨልም ካሚዮኑ አቶ መሸሻን አድርሶ ግቢው ፊት ቀጥ ብሎ ቆመ። ፈቀደ ብርቅዬን ትከሻው ላይ አድርጎ እየሳቀ ወረደ።

"ይኸው! ምን ሆንን?"

"ወንድ ነህ!" አሉ ሽማግሌዎቹ።

ሰርኬ ልጇን ነጥቃ ደረቷ ላይ ለጥፋ አለቀሰች። ደስታ መሰላቸው። ደስታም ነበረበት፤ ግን ያለቀሰችው ካሁን ወዲያ ፈቀደን የሚያስቆመው ሰው እንደሌለ ገብቷት ነው።

"ነገም ይዣት እሄዳለሁ፤ መኪና ወዳለች" አለ ፈቀደ።